«ኖርማል» የሚለው ወረቀት

ዛሬ ረዘም ያለ ነገር ነው የጻፍኩት። አሁን ጊዜ ከሌላችሁ ማታ አንብቡት፤ ግን ቤታችሁ ውስጥ አንገቱ ላይ እብጠት ያለበት ሰው ካለ ሳታነቡት አትለፉ።

ባለፈው እሁድ አንድ የድሮ ተማሪዬ በቴሌግራም ፖስተር ላከልኝ። ፖስተሩ ላይ የአንዲት ቆንጆ ሴት ፎቶ አለ፣ አንገቷ ላይ ቢራቢሮ ተስሏል። ከሥሩ በትልልቁ «የታይሮይድ ካንሰርን በአንድ የደም ምርመራ ቀድመው ይወቁ» ይላል። ቀጥሎ «ሙሉ የሆርሞን ምርመራ በልዩ ቅናሽ»፣ ከዚያ ስልክ ቁጥር። የማን እንደሆነ አልጠራም፤ እንዲህ ያለ ማስታወቂያ ሳይ የመጀመሪያዬም አይደለም። ልጁ ከሥሩ የጻፈው አንድ መስመር ነው፦ «ቲቸር ይሄ ነገር እውነት ነው? እናቴን ላስመርምራት?»

ወዲያው መመለስ እችል ነበር። አልመለስኩም። ስልኩን አስቀምጬ ወጣሁ። ይሄ ጥያቄ ከዚህ በፊት አንዴ ቀርቦልኝ የተሳሳተ መልስ ሰጥቼበታለሁ።

አክስቴን የምታውቋት ታውቋታላችሁ። መተማ ዮሐንስ ላይ ለሳሉግ እንጀራና ወጥ እየሸጠች የራሷን ልጆች እኔንም ጭምር ያሳደገች ሴት ናት። ወደዚህ የመጣችው ከደጋ ነው፤ ከልጅነቷ ጀምሮ አንገቷ ላይ ትንሽ እንቅርት ነበረባት። እንቅርት ደግሞ በእኛ ዘንድ እንደ መልክ ነው የሚቆጠረው። «ያቺ እንቅርት ያለባት» ተብላ ትጠራለች እንጂ ታማለች አይባልም። በ2011 ዓ.ም. ክረምቱ ሊገባ ሲል ግን የቀኝ ጎኑ ጠነከረ። ያስተዋለችው እሷው ናት፣ ነጠላዋን ስታጣፋ። «ድሮ እንደ ሊጥ ነበር፣ አሁን ጠጠር ገባበት» ነበር ያለችኝ።

አንድ የግል ክሊኒክ ሄዳ ደም ሰጠች። የሁለት ሳምንት የእንጀራ ገቢዋን ከፍላ ሦስት መስመር ያለው ወረቀት ይዛ ተመለሰች፦ ቲኤስኤች፣ ቲ ፎር፣ ቲ ስሪ። ከእያንዳንዱ ጎን ቁጥር አለ፣ ከቁጥሩ ጎን ደግሞ ጤነኛ የሚባለው ልክ ከየት እስከ የት እንደሆነ በቅንፍ ተጽፏል። እዚያ የነገሯት «ሆርሞንሽ ኖርማል ነው፣ አታስቢ» ብቻ ነው። አንገቷን የዳሰሳት ሰው አልነበረም። እሷም በእነሱ ቃል ብቻ አላመነችም፤ እኔን ነው ያመነችው። «አንተ ባዮሎጂ ታስተምር የለ፣ እስቲ አንብብልኝ» አለችኝ። አነበብኩላት። ሦስቱም ቁጥሮች በልካቸው ናቸው። «እቴቴ፣ ምንም የለብሽም» አልኳት። በራሴ አፍ።

ያንን ወረቀት በላስቲክ ጠቅልላ ከቀበሌ መታወቂያዋ ጋር አስቀመጠችው። ሰው «አንገትሽ ምነው ጨመረ?» ሲላት ታወጣዋለች። «ተመርምሬያለሁ፣ ንጹሕ ነኝ» ትላለች። ሁለት ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ድምጿ ሻከረ። ጉንፋን ነው አልን። ገበያ መካከል ከሩቅ የሚለይ ድምፅ ነበራት፣ ቀስ በቀስ ሹክሹክታ ሆነ። በ2013 ዓ.ም. መጋቢት ላይ ጎንደር ወሰድኳት። አልትራሳውንድ ተነሳች፣ ከእብጠቱ በቀጭን መርፌ ናሙና ተወሰደ፣ ከጥቂት ቀን በኋላ ካንሰር ነው ተባለ። አንገቷ ላይ ወዳሉት ንፍፊቶችም ደርሶ ነበር።

ያኔ እኔ በክሊኒኩ ላይ እየተንጨረጨርኩ ያንን ወረቀት አውጥቼ ለሐኪሙ ሰጠሁት። የጠበቅኩት «ይሄ የውሸት ምርመራ ነው» እንዲለኝ ነበር። አየት አደረገውና «ወረቀቱ ትክክል ነው፤ ዛሬም ብንለካት ኖርማል ሊሆን ይችላል» አለኝ። ተለካች። ኖርማል ነበር። ካንሰሩ አንገቷ ውስጥ ተቀምጦ፣ ወደ ንፍፊቶቿ ተሻግሮ፣ ድምጿን ወስዶ፣ ሆርሞኗ ኖርማል ነበር።

እኔ ሐኪም አይደለሁም። ግን ያን ቀን እንደ አስተማሪ አፈርኩ፣ ምክንያቱም ይሄን ለመረዳት የሚያስፈልገው ነገር በማስተምረው መጽሐፍ ውስጥ ነበር።

ለድሮ ተማሪዎቼ፦ 10ኛ ክፍል «ኔጋቲቭ ፊድባክ» ብዬ ስጀምር ግማሻችሁ የምታንቀላፉበት ክፍለ ጊዜ ትዝ ይላችኋል? በቴርሞስታት ነበር የማስረዳችሁ፤ ቤታችሁ ማራገቢያ እንኳ ለሌላችሁ ልጆች። ጥፋቱ የእኔ ነው። አሁን በሰሊጥ ላስረዳችሁ።

አንድ ባለሀብት ጎንደር ተቀምጦ መተማ ላይ የሰሊጥ እርሻ አለው እንበል። እርሻው ላይ 200 ሳሉግ አሉ። ባለሀብቱ እርሻውን አያየውም፤ የሚያየው መጋዘን የገባውን ኩንታል ነው። ኩንታሉ ሲያንስ ስልክ አንስቶ ይጮሃል፣ ሲበዛ ዝም ይላል። ከአንጎል ሥር ያለችው ፒቱታሪ የምትባለው ዕጢ ባለሀብቱ ናት። ቲኤስኤች የስልክ ጩኸቱ ነው። አንገት ላይ ያለው ታይሮይድ እርሻው፣ ቲ ስሪና ቲ ፎር ደግሞ ኩንታሉ። ደም ሰጥተን ቲኤስኤች ስናስለካ ባለሀብቱ በምን ያህል ድምፅ እየጮኸ እንደሆነ እያዳመጥን ነው።

አሁን ከ200ዎቹ መካከል አንዱ ሽፍታ ሆነ እንበል። ማታ ማታ ጥግ ላይ ተቀምጦ የራሱን ሰዎች ይሰበስባል። የቀሩት 199 ግን ያጭዳሉ፣ ይወቃሉ፣ ይጭናሉ። ኩንታሉ አልጎደለም። ባለሀብቱ ለምን ይጮሃል? ስልኩን ስታዳምጡ የምትሰሙት ሰላም ነው። የታይሮይድ ካንሰር በአብዛኛው እንዲህ ነው የሚጀምረው፤ ሆርሞን ሳይጨምርም ሳይቀንስም። ጤነኛው የዕጢው ክፍል ሥራውን ይሠራል፣ ወረቀቱ ላይ ያለው ቁጥርም የሚመሰክረው ለጤነኛው ክፍል ነው።

ሰው ታዲያ ለምን በቀላሉ ያምናል? እኔን ጨምሮ ማለቴ ነው። ብዙ ሳስበው ከወባ የመጣ ይመስለኛል። መተማ ሲባል ለሌላው ሰው ትዝ የሚለው አፄ ዮሐንስና ሰሊጥ ነው፤ ለእኛ ለነዋሪዎቹ ወባ ነው። ከሕፃንነታችን ጀምሮ ጣታችንን እየተወጋን ነው ያደግነው። ወባ ደም ውስጥ ስለምትኖር ጠብታ ደም በማይክሮስኮፕ ሲታይ ተሕዋሲዋ ራሷ ትታያለች። ስለዚህ በእኛ አእምሮ «ደም ተመርምሬ ምንም የለም ተባልኩ» ማለት «በሽታ የለብኝም» ማለት ሆነ። ለወባ ይሠራል። የታይሮይድ ካንሰር ግን እዚያው አንገት ላይ፣ ዕጢው ሥጋ ውስጥ ነው የሚያድገው። ክንድ ላይ የተቀዳ ደም ውስጥ ብትፈልጉት አታገኙትም።

ደግሞ እኮ ሌላውንም እናውቃለን። ካላዛርን አስታውሱ። የሳሉግ በሽታ ነው፣ ከዚህ አካባቢ ሰው በላይ የሚያውቀው የለም። ጣፊያው ያበጠ ልጅ ሲመጣ ሐኪሙ በጣት ደም ፈጣን ምርመራ ይጀምራል፤ ማረጋገጥ ሲያስፈልግ ግን በመርፌ ከጣፊያ ወይም ከመቅኔ ናሙና አውጥቶ ያያል። በሽታው ያለበት ድረስ ይሄዳል ማለት ነው። ለአንገት እብጠትም መንገዱ ይሄው ነው፦ መዳሰስ፣ አልትራሳውንድ፣ ካስጠረጠረ ቀጭን መርፌ።

የመርፌው ነገር ሰው ያስፈራል። «ካንሰር ብረት ከነካው ይቆጣል» የሚል ወሬ አለ፤ አክስቴም ለአንድ ሳምንት ያስለመነችኝ በዚህ ነው። መርፌው ደም ከሚቀዳበት የማይወፍር ነው፣ ሥራው የደቂቃዎች ነው፣ በዚያ ምክንያት ካንሰር የሚዛመትበት አጋጣሚም እጅግ ብርቅ ነው። የወጣውን ናሙና የፓቶሎጂ ባለሙያ በማይክሮስኮፕ ያየዋል። ሁሌም ቁርጥ ያለ መልስ አይሰጥም፤ ፎሊኩላር የሚባለው ዓይነት ለምሳሌ በመርፌ ብቻ አይለይም፣ እብጠቱ ወጥቶ ሽፋኑ መጣሱ መታየት አለበት። ቢሆንም ከሦስቱ የሆርሞን ቁጥሮች ጋር የሚወዳደር አይደለም።

እዚህ ላይ ኮሜንት የምትጽፉትን ከወዲሁ አውቃለሁ። «ታዲያ የሆርሞን ምርመራ ከንቱ ነው ልትለን ነው?» አላልኩም። ሰውነቱ ያለ ምክንያት የከበደው፣ ሁሌ የሚደክመው፣ ወይም በተቃራኒው የሚከሳ፣ ልቡ የሚመታበት፣ እጁ የሚንቀጠቀጥ ሰው ቲኤስኤች ያስፈልገዋል። እርጉዝ ሆና እንቅርት ያለባት ሴት ሐኪሟን ትጠይቅ፤ የልጁ አእምሮ የሚያድገው በዚህ ሆርሞን ነው። አንገቱ ላይ እብጠት የተገኘበት ሰውም ቢሆን ሐኪሙ መጀመሪያ ከሚያዛቸው ነገሮች አንዱ ቲኤስኤች ነው። ግን የሚታዘዝበትን ምክንያት ስሙ፦ ቲኤስኤች ዝቅ ካለ እብጠቱ ራሱ ሆርሞን እያመረተ ሊሆን ይችላል፣ እንዲህ ያለው እብጠት ደግሞ ካንሰር የሚሆነው አልፎ አልፎ ነው። ኖርማል ከሆነ ወይም ከፍ ካለ «ሂድና በአልትራሳውንድ ታይ» ማለት ነው። ገባችሁ? አክስቴ ወረቀት ላይ የነበረው «ኖርማል» ምርመራውን ቀጥይ የሚል ምልክት ነበር። እኔ ጨርሰሻል ብዬ አነበብኩላት።

እውነተኛ ልዩ ሁኔታም አለ፣ ካልነገርኳችሁ ሐቀኛ አልሆንም። ሜዱላሪ የሚባል የታይሮይድ ካንሰር ዓይነት ካልሲቶኒን የተባለ ሆርሞን ያመነጫል፤ እሱን በደም ለክቶ መጠርጠር ይቻላል። ነገር ግን ከታይሮይድ ካንሰሮች ሁሉ ከ100 አምስት እንኳ የማይሞላ ነው። ከሱ ሩብ ያህሉ በዘር የሚተላለፍ ስለሆነ በቤተሰቡ ውስጥ ይሄ ዓይነት ካንሰር የታየበት ሰው ለሐኪም ሊናገር ይገባል። ፖስተሩ ላይ የተዘረዘረው «ሙሉ የሆርሞን ምርመራ» ግን እነዚያው ሦስቱ ናቸው፤ ካልሲቶኒን የሚባል ስም የለበትም። አይቼዋለሁ፣ ሁለት ጊዜ።

ታይሮግሎቡሊን የሚባልም አለ። እሱ የሚያገለግለው ዕጢው በቀዶ ሕክምና ከወጣ በኋላ ነው። ዕጢው ከሌለ ታይሮግሎቡሊን ደም ውስጥ እንደገና ሲያድግ የሆነ ቦታ የቀረ ነገር አለ ማለት ነው። ዕጢው ባለበት ሰው ላይ ግን እንቅርት ብቻውንም ስለሚያስጨምረው ምንም አይለይም። የሚገርማችሁ አክስቴ አሁን የደም ምርመራ የሚያስፈልጋት ሰው ሆናለች። ናሙናው አዲስ አበባ ድረስ ይሄዳል። ድሮ ሳያስፈልጋት ከፈለች፣ አሁን ሲያስፈልጋት ገንዘቡ የለም፤ በየጊዜው የምናዋጣው እኛ ነን።

ሌላው ጥያቄ፦ «እሺ፣ ደም ካልሆነ ሁላችንም አልትራሳውንድ እንነሳ?» ይሄም አይደለም። ደቡብ ኮሪያ የሆነውን ላውጋችሁ። እ.ኤ.አ. በ1999 መንግሥቷ አገር አቀፍ የካንሰር ልየታ ጀመረ። ታይሮይድ በፕሮግራሙ ውስጥ አልነበረም፤ ነገር ግን ሆስፒታሎች «ከመጣችሁ አይቀር ትንሽ ጨምራችሁ አንገታችሁንም በአልትራሳውንድ ታዩ» እያሉ ይሠሩት ጀመር። እ.ኤ.አ. በ2011 የታይሮይድ ካንሰር አለባችሁ የሚባሉ ሰዎች መጠን በ1993 ከነበረው 15 እጥፍ ሆነ። በዚያ አንድ ዓመት ብቻ ከ40,000 በላይ ሰው። ታዲያ በዚህ በሽታ የሚሞተው ሰው ቀነሰ? ንቅንቅ አላለም። ያገኙት አብዛኛው ሰው ሳያውቀው ኖሮ በሌላ ምክንያት የሚሞትበት፣ ጥቃቅንና ምንም የማያደርግ ነበር። እነዚያ ሰዎች ግን ከሞላ ጎደል ሁሉም አንገታቸው ተከፈተ። ከ100 አሥራ አንዱ ካልሲየም የሚቆጣጠሩት ትንንሽ ዕጢዎች ተጎዱባቸው፣ ከ100 ሁለቱ የድምፅ አውታራቸው ሽባ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2014 የራሳቸው ሐኪሞች ተነስተው ይብቃ አሉ። በ2017 ደግሞ የአሜሪካ የመከላከል ሕክምና ግብረ ኃይል ምንም ምልክት የሌለው አዋቂ ሰው ለታይሮይድ ካንሰር እንዳይመረመር የሚል ምክር አወጣ።

እንግዲህ ፖስተሩ «ጤነኛም ብትሆኑ ኑ» ሲል፣ ጤነኛውን ገንዘብ ያስከፍላል፤ እብጠት ያለበትን ደግሞ ያዘናጋል። እኔን የሚያናድደኝ ሁለተኛው ነው። ጤነኛው የከሰረው ብር ብቻ ነው።

እኛ ዘንድ ደግሞ የሚዘናጋው ሰው ብዙ ነው። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ የሚል ተረት ያለው ሕዝብ ነን፤ እንቅርት ስንት ዘመን አብሮን እንደኖረ ተረቱ ይመሰክራል። እ.ኤ.አ. በ2005 በመላ አገሪቱ በተደረገ ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ሴቶች ከ100 ወደ 36ቱ እንቅርት ነበረባቸው። ምክንያቱ በዋናነት የአዮዲን እጥረት ነው። የደጋው አፈር በዝናብ እየታጠበ አዮዲኑ አልቋል፣ በላዩ የበቀለው እህልም የለውም። አዮዲን የተጨመረበት ጨው አብዛኛው በኤርትራ በኩል ይገባ ነበር፤ ከ1990 ዓ.ም. ጦርነት በኋላ ያ ተቋረጠና ከአፍዴራ የሚወጣው ጨው ያለ አዮዲን ገበያውን ሞላው። በ2003 ዓ.ም. ጨው አዮዲን ሳይኖረው ለምግብ እንዳይሸጥ ደንብ ወጣ። በዚያው ዓመት ግድም በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት አዮዲን ያለው ጨው የተገኘው ከ100 ቤት በ15ቱ ነበር፤ ከአምስት ዓመት በኋላ 89 ደረሰ። ትልቅ ሥራ ነው፣ ምስጋና ይገባዋል። ግን የእኛ እናቶችና አክስቶች ያደጉት ከዚያ በፊት ነው። ወደ ቆላ በሰፈራም በሥራም ሲመጡ እንቅርታቸውን ይዘው ነው የመጡት።

(በነገራችን ላይ መተማ ሙቀት ውስጥ ጨው በክፍት ጆንያ ፀሐይ ላይ ሲቸረቸር አያለሁ። አዮዲን ይተናል። በታሸገው ግዙ፣ ክዳን ባለው ዕቃ አኑሩት፣ ወጡ ሊወጣ ሲል ጨምሩት።)

የዚያ ሁሉ እንቅርት አብዛኛው ካንሰር አይደለም። ይሄን በደንብ ማለት እፈልጋለሁ፣ ጽሑፌን አንብቦ እንቅልፍ የሚያጣ ሰው እንዳይኖር። የአሜሪካ የታይሮይድ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው መመሪያ እንደተጻፈው ታይሮይድ ላይ ከሚገኙ 100 እብጠቶች ካንሰር የሚሆኑት ከ7 እስከ 15 ናቸው። ከካንሰሮቹም በጣም የተለመደው ፓፒላሪ የሚባለው ቀስ ብሎ የሚሄድ ነው፤ በጊዜ ከተደረሰበት አብዛኛው ሰው ድኖ ረጅም ዕድሜ ይኖራል። ለዚህ ነው ሁለቱ ዓመታት የሚቆጩኝ። የማይድን በሽታ ቢሆን ኖሮ ይሄን ሁሉ አልጽፍም ነበር።

መሄድ ያለበት ማነው ካላችሁኝ፦ እንቅርቱ ለዓመታት ባለበት ኖሮ በድንገት ማደግ የጀመረበት፤ አንድ ጎኑ እንደ ድንጋይ የጠነከረበት፤ ጉንፋን ሳይኖር ድምፁ ከሦስት ሳምንት በላይ የሻከረ፤ ምግብ ሲውጥ ወይም ሲተነፍስ የሚጨንቀው፤ አንገቱ ጎን ላይ የማይጠፋ ንፍፊት ያለበት፤ በልጅነቱ አንገቱ ላይ የጨረር ሕክምና የተሰጠው። የአንገት ንፍፊት በእኛ አገር ብዙ ጊዜ ቲቢ ይሆናል፤ እሱም ቢሆን በመርፌ ናሙና ሊለይ ስለሚችል ጉዞው በከንቱ አይቀርም። ጸበል የያዛችሁም ያዙ፣ እኔም እጠመቃለሁ፤ ቄሱም ሐኪም ዘንድ አትሂድ አላሉኝም።

ችግሩ መሄዱ ነው፣ አውቃለሁ። ከመተማ ዮሐንስ ጎንደር ወደ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ገንዳ ውሃን፣ ነጋዴ ባሕርን፣ አይከልን አልፎ። መንገዱ የሚከፈትበትና የሚዘጋበት ቀን አለ፤ እሱን እናንተም ታውቁታላችሁ። ሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ሱዳን ውስጥ ጦርነቱ ከመነሳቱ በፊት አቅም ያለው ሰው በገላባት ተሻግሮ ገዳሪፍ ይታከም ነበር፤ አሁን ከዚያ ወገን ሰው ሸሽቶ ወደ እኛ ነው የመጣው። ስለዚህ ለቆላ ሰው አንድ ጉዞ አንድ ጉዞ ነው። የአልጋ፣ የምግብ፣ የአስታማሚ፣ የጠፋው የሥራ ቀን። እዚህ አጠገቡ ያለው ክሊኒክ «ደምህን ስጥና አርፈህ ሂድ» ሲለው ለምን እንደሚመርጥ ይገባኛል። አክስቴም የመረጠችው ለዚህ ነው። እኔም «ምንም የለብሽም» ስላት በከፊል ጉዞውን እያሰብኩ እንደነበር አሁን ሳስበው አልክድም። ትምህርት ቤት ፈተና ነበር፣ ገንዘብ አልነበረም፣ ቁጥሮቹም ደስ የሚል መልስ ሰጡኝ።

የእኔ ሐሳብ እንግዲህ ይሄ ነው፣ ላቦራቶሪ ያላችሁ ጓደኞቼ አትቀየሙኝ፤ ውስጣችሁ የእኔ ተማሪዎች የነበራችሁ አላችሁ። የታይሮይድ ሆርሞን ውጤት በምትሰጡበት ወረቀት ግርጌ አንድ መስመር በአማርኛ ጻፉበት፦ «ይህ ውጤት የአንገት እብጠት ካንሰር መሆን አለመሆኑን አያሳይም።» ቀለሙ ምንም አያወጣም። አንገቷን ሸፍና ለመጣች ሴት ደም ከመቅዳታችሁ በፊት «እስቲ ነጠላሽን አንሺው» በሏት፤ ጠንካራ ነገር ካያችሁ ወደ ሐኪም ላኳት። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችም ቤት ለቤት ስትሄዱ «ተመርምራችኋል?» ብላችሁ ብቻ አትለፉ፤ በምን እንደተመረመሩ ጠይቁ። አክስቴን ብትጠይቋት ኖሮ «አዎ» ነበር የምትላችሁ፣ ወረቀቷን አውጥታ።

እሷ ደህና ናት። ዕጢው ወጥቶ በየቀኑ ጠዋት በባዶ ሆዷ ታይሮክሲን ትውጣለች። ድምጿ አልተመለሰም። እንጀራ መሸጡን ለልጇ ለቃለች፣ ምክንያቱም ሒሳብ ለመጠየቅ መጮህ አትችልም። ወረቀቱን እስካሁን አልጣለችውም። አንድ ቀን «እቴቴ ይሄን ነገር እንቅደደው» ብላት «ተው፣ አንተ ያነበብክልኝ ነው» አለችኝ። ስትቀልድ ነው፤ እኔ ግን ያን ቀን ምሳ አልበላሁም።

ለልጁ ማታ ላይ መለስኩለት። ላስመርምራት ወይ ለሚለው መልስ ከመስጠቴ በፊት «እናትህ አንገቷ ላይ ምን አለ?» ብዬ ጠየቅሁት። ትንሽ ቆይቶ «እንቅርት አለባት ቲቸር፣ የድሮ ነው። ግን ከፋሲካ ወዲህ በግራ በኩል ጨምሯል» አለኝ። ለደም ምርመራው ያዘጋጁትን ብር ለመኪና እንዲያደርጉት ተነጋግረናል። መንገዱ ክፍት ከሆነ ሰኞ ሌሊት ይነሳሉ። ልጁ ፈተና ስላለበት አብራት የምትሄደው ታናሽ እህቱ ናት፣ ከተማውን አታውቀውም። ጎንደር ያላችሁ፣ በተለይ አዘዞ ወይም ሆስፒታሉ አካባቢ፣ ለሦስት ለአራት ሌሊት ሁለት ሰው ማሳደር የምትችሉ ኢንቦክስ አድርጉልኝ።